ከበሩ ጀርባ የዘፈነችውን ልጅ ስም የጠበቁት አቶ ገመቺስ ኦሊ (1965–2017 ዓ.ም.)

አቶ ገመቺስ ኦሊ ከአባታቸው ከአቶ ኦሊ ዋቅጅራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲሪቤ ጉደታ፣ በኢሉባቦር በዳሪሙ ወረዳ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1965 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ዕለት የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለነበረ ኃይለ ገብርኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ። አባታቸው በቡናና በበቆሎ የሚተዳደሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ በመንደሩ ራዲዮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ዜናውንም ዘፈኑንም ለመስማት እነሱ ግቢ ይሰበሰብ ነበር። የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ ጥቂት ቀን እንዲጨምር ማድረግ የገመቺስ ድርሻ ነበር። እናታቸው ዛሬም ድረስ፣ «ድንጋዮቹን እንደ ዶሮ እንቁላል እያገላበጠ ይጠብቃቸው ነበር» ይላሉ።

እስከ ስድስተኛ ክፍል በዳሪሙ ተምረው፣ ከዚያ መቱ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በ1984 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የማትሪክ ውጤታቸው ለዩኒቨርሲቲ አላበቃቸውም። ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ክልሎች የተዋቀሩበት፣ ትምህርቱና የመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ወደ አፋን ኦሮሞ የዞረበት ነበር። እሳቸው አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ቢሆንም ማንበብና መጻፍ የተማሩት በአማርኛ ነው። ስለዚህ የላቲኑን ፊደል፣ ቁቤን፣ ከታናሽ እህታቸው ከኡርጌ ደብተር ላይ እንደ ገና ከሀ ብለው ተማሩ። ኡርጌ ስታርማቸው፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰህ አንደኛ ክፍል የገባህ የመጀመሪያው ሰው ነህ» ትላቸው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. መቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሶር ሙዚቃ ቤትን ከፈቱ። ካሴት ከመርካቶ እያስመጡ ይሸጡ፣ የካሴቱን ስም በሁለቱም ፊደል በራሳቸው እጅ ይጽፉ ነበር። ስፒከሩን ደጃፍ ላይ ሰቅለው ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍናሉ። አጠገባቸው ሻይ ቤት የነበራቸው እትዬ ሽብሬ በሁለተኛው ቀን ወገባቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ስማ ገመቺስ! ወይ ዘፈኑን ቀንስ ወይ መጥተህ ሻዩን አንተ ቅዳ! ስኳር ያለኝን ሰው ውሃ ነው የምሰጠው!» አሏቸው። ዘፈኑ ተቀነሰ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሽብሬ ተመልሰው መጡና፣ ደንበኛ ጠፍቷልና ትንሽ ከፍ ይደረግልኝ አሉ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት በጉርብትና ኖሩ።

አቶ ገመቺስ ካሴት ከመሸጥ አልፈው በየሠርጉ እየዞሩ ዘፈን መቅረጽ የጀመሩት በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከቡሬ እስከ ዳሪሙ፣ ከሁሩሙ እስከ ጎሬ፣ መኪና በሚገባበት በመኪና፣ በማይገባበት መሣሪያውን በበቅሎ አስጭነው ሄደዋል። የሚያውቋቸው ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። ማይክ የሚሞክሩት እንደ ሌላው «አንድ፣ ሁለት» እያስባሉ አልነበረም። ዘፋኙን ወይም ዘፋኟን ስም ያስብሉ ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «ሰው አንድ ሁለት ሲል ድምፁን ያስመስላል። ስሙን ሲጠራ ግን በራሱ ድምፅ ነው የሚናገረው» ይሉ ነበር። ቅጂው ከመሸጡ በፊት ስሙ ያለበትን መጀመሪያ ይቆርጡና በቦታው የራሳቸውን ድምፅ ያስገባሉ። «ሶር ሙዚቃ ቤት፣ መቱ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት» የሚለውን፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ቅጂ የሚሰርቅ በበዛበት ንግድ ይህች ጥሪ የሱቁ ማኅተም ነበረች።

በ1997 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኑኃሚን ሸጋው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ወ/ሮ ኑኃሚን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመርቃ በመቱ የመምህራን ኮሌጅ ታስተምር ነበር። ከሰሜን በመምህርነት መጥተው መቱ የቀሩት አባቷ አቶ ሸጋው ሽማግሌዎቹን፣ «ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ለካሴት ሻጭ ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። በሦስተኛው ጊዜ እናቷ ወ/ሮ ሀረገወይን ከጓዳ ሆነው፣ «ካሴት ሻጭ ቢሆን ምን አለበት? ቢያንስ ቤቱ ዝም አይልም። የእኛን ቤት አታየውም?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ አቶ ሸጋውም ሳይወዱ ሳቁ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ከዚህ ጋብቻ ሴና በ1999፣ አሜን በ2003 ዓ.ም. ተወለዱ።

ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲውም በሚሞሪና በፍላሽ ሲተካ አቶ ገመቺስ ከጊዜው አልቀሩም። ኮምፒውተር ገዝተው ለመጣው ሁሉ ዘፈን ይጭኑ ጀመር። መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሱቁን ሞላው። አንዱ የትግርኛ፣ አንዱ የወላይትኛ፣ አንዱ የጉራጊኛ ይጠይቃል። በሁሩሙና በቡሬ የገበያ ቀን ደግሞ ማር ሸጦ የመጣው ገበሬ ስልኩን አውጥቶ፣ «ይህን ሙላልኝ» ይላል። አንድ ዘፈን መቱ በተጫነ በሳምንቱ ዳሪሙ ውስጥ እንደሚሰማ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ የመጣውም መከራ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ፣ ሁሩሙ አጠገብ ለሚደረግ ሠርግ ተጠርተው ሄዱ። ያ ወቅት በየከተማው ተቃውሞ የተነሣበት፣ ወጣቶች ከየቤታቸው የሚወሰዱበት ነበር። በዚያ አገር ልማድ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ከውስጥ ዘግተው ይይዛሉ። ሚዜዎቹ እየለመኑ፣ ሴቶቹ በዘፈን እየሰደቧቸው በሩ እስኪከፈት ይቆያል። አቶ ገመቺስ ሙሽራው ከመድረሱ በፊት ማይኩን በመስኮት አሾልከው አስገቡ። የተቀበለችውን ልጅ እንደ ልማዳቸው ስሟን አስባሏት። መስኮቱ ተዘጋ፣ በሩም ተዘጋ።

ልጆቹ ሚዜዎቹን ቁመታቸው እንዳጠረ፣ ጫማቸው ውሰት እንደሆነ፣ መኪናቸው ተገፍቶ እንደመጣ እየዘፈኑ ሲያዋርዷቸው ሠርገኛው ይስቅ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ዝም አሉና አንዲት ድምፅ ብቻዋን ወጣች። የጓደኛዬን ሳጥን የሚሸከምላት ማን ነው አለች። ዜማውን ሳትለውጥ የአንድ ወጣት ስም ጠራች፣ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ዝም አለች። ሌላ ስም ጠራች፣ ዝም አለች። የጠራቻቸው ከሙሽራው ጋር ሊያጅቡ የነበሩ፣ ባለፉት ሳምንታት የተወሰዱ ወጣቶች ናቸው። በቅጂው ላይ በዝምታዎቹ መካከል የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ ሳል ብቻ ነው። አምስተኛውን ስም ስትጠራ ውጭ የቆሙት ሚዜዎች በአንድ ላይ «ጂራ!» ብለው መለሱ። አለ ማለት ነው። እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ አምስቱንም እንደ ገና ጠራቻቸው። በየስሙ «ጂራ!» ተባለ፣ በሩም ተከፈተ።

አቶ ገመቺስ ቅጂውን ለሙሽራዋ ቤተሰብ ሰጡ። ከመስጠታቸው በፊት የልጅቷን ስም በጥንቃቄ ቆርጠው አወጡ። በተቆረጠው ቦታ ላይ ግን እጃቸው የለመደውን አደረገ። የሷን ስም ለመሰወር የተጠነቀቁ ሰው የራሳቸውን ረሱ። ከሚዜዎቹ አንዱ ዘፈኑን ወደ ስልኩ ገለበጠው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡሬ፣ ጎሬ፣ ዳሪሙ፣ በደሌ ደረሰ።

ባለቤታቸው ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማችው ከቡሬ ወደ መቱ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አስቀድሞ የባሏን ድምፅ ሰማች፣ «ሶር ሙዚቃ ቤት፣ መቱ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት።» ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ። ስሞቹ ሲጠሩ ተሳፋሪው ሁሉ፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ፣ «ጂራ!» እያሉ መለሱ። ቤት እንደገባች፣ «አንተ ሰው፣ ድምፅህን እኮ ከነአድራሻው ሰማሁት!» አለቻቸው። አቶ ገመቺስ የቀመሱትን ውሃ አስቀመጡ። ቀስ ብለውም፣ «የማንን ድምፅ?» አሉ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነበር።

የካቲት 9 ቀን ረፋድ ላይ ከሱቃቸው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ከኮሌጅ ሮጣ መጥታ የሱቁን ቁልፍ ስትፈልግ፣ ወንበር ላይ ትተውት በሄዱት ኮት ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ሚሞሪ አገኘች። ስልኳ ውስጥ ከትታ ሰማችው። ያልተቆረጠው፣ የመጀመሪያው ቅጂ ነበር። አቶ ገመቺስ «ስምሽን በይ» ይላሉ። አንዲት ልጅ ትስቅና ስሟን ከነአባቷ ትናገራለች። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ባለቤታቸው ከዚያ በላይ አልሰማችም። ሚሞሪውን በነጠላዋ ጥለት ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው። ከሰዓት በኋላ ፈታሾች መጥተው ኮምፒውተሩን፣ ከሱቅና ከቤት ያገኙትን ፍላሽና ሚሞሪ ሁሉ፣ ኮቱንም ጭምር ወሰዱ።

ጠያቂዎቹ ቅጂው የማን እንደሆነ መመርመር አላስፈለጋቸውም። «ሞኝ ነህ? ወንጀልህ ላይ ፈርመህ ነው እንዴ የምትበትነው?» አሏቸው። አቶ ገመቺስም፣ «ሱቁ የኔ ነው። ቅጂውም የኔ ነው። ጥፋት ካለ ያለው እኔ ላይ ነው» አሉ። የሚፈለገው ግን የዘፋኟ ስም ነበር። ውስጥ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ ተጠርተው ማን ዘፈነ ሲባሉ ሁሉም «እኛ» ብለው ነበር። ውጭ የነበረው ሠርገኛ በሩ ተዘግቶ ስለነበር ያየ የለም። ታዲያ በሙያው አብሯቸው የቆየ አንድ ሰው፣ በፍርሃት ተይዞ፣ ገመቺስ ማይክ ሲሞክር ሁልጊዜ ስም እንደሚያስብል ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ስሙ ያለበት ቅጂ የት ነው? መልሳቸውም አንድ ብቻ ነበር፣ «በሩ ዝግ ነበር።»

አራት ወር ታሰሩ። ባለቤታቸው በየቀኑ ስንቅ ታደርስ ነበር። በር ላይ የምትፈትሽ ሴት ሳህኑን ከፍታ እንጀራውን በማንኪያ ትበሳለች፣ ኪሷን ትዳብሳለች፣ ነጠላዋን አራግፋ ትመልስላታለች። ቤቷ ሁለት ጊዜ ተፈትሿል፣ የኮሌጁ ቢሮዋም ተፈትሿል። ሰው ቤት ብታስቀምጠው ያንን ሰው ማሳሰር ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ነገር ትከሻዋ ላይ ሆኖ በየቀኑ በዚያ በር ይገባና ይወጣ ነበር። ከባሏ ጋር የሚያገናኟት አምስት ደቂቃ ነው፣ መካከላቸውም ጠባቂ ይቆማል። ስለ ልጆቹ ይነጋገራሉ፣ ስለ እትዬ ሽብሬ ጉልበት ይነጋገራሉ። ሌላ ነገር መናገር አልቻለችም።

እሳቸው ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ ሌላ ነገር ይጠብቁ ነበር። «የሚሞሪ ካርዶችህ በሙሉ እጃችን ገብተዋል፣ አንድ በአንድ እየሰማን ነው» ተብለዋል። ኮታቸውንም በጠያቂዎቹ ጠረጴዛ ላይ አይተዋል፣ ሚሞሪውም ከኪሱ የተገኘ መስሏቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያሉ አራት ወር ኖሩ። በኋላ እንደተናገሩት፣ ብረቱ በር በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት የሚገባውን ሰው እግር ነበር፤ የሴት ጫማ እንዳይሆን።

ሰኔ 14 ቀን ተፈቱ። ከበሩ ሲወጡ ልጆቻቸውን ከማቀፋቸው በፊት ባለቤታቸውን፣ «የዚያ ሠርግ ልጆች ሁሉም ቤታቸው ናቸው?» ብለው ጠየቋት። «ሁሉም» አለቻቸው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ ስለ ሚሞሪው ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። እሳቸው ግን መዋሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ። «የለኝም» ሲሉ የሚታመኑት እውነትም ከኮቱ ጋር የጠፋ ስለመሰላቸው ነው። አራት ወር ሳይሞላ መስከረም መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ እሳቸውም እንደ ገና ሁለት ጊዜ ተጠርተው ተጠየቁ፤ ባለቤታቸውም ዝም አለች።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ያሳሰረው ዘፈን በየአደባባዩ በትልልቅ ስፒከር ተዘፈነ። የታሸገው ሱቅ ተከፈተ። ሕዝቡ ዘፋኟን ሊሸልም ፈለገ። ድምፁ የኔ ነው የምትል አንዲት ልጅም ተነሣች። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አሳታሚ ሦስት ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ ገመቺስ፣ አንድ ስም! አንድ ስም ብቻ!» ይላል። እሳቸው፣ «ስሟን የምትናገረው ራሷ ናት። ካልተናገረች ያልፈለገችበት ምክንያት አላት» ብለው ሻይ ይጋብዙታል። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሽብሬ፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ሻይ ከጠጣህ አይቀር ዘፈኑን አንተው ዝፈነውና ይብቃን!» አሉት። በሳቅ የሄደው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተቆጡ። አንድ ወጣት ሰው በተሰበሰበበት፣ «ድሮ ለመንግሥት አልናገርም ስትል ጀግና ነበርክ። አሁን ለሕዝብ አልናገርም ማለት ምን ማለት ነው?» አላቸው። አቶ ገመቺስ፣ «ያኔም ስሙ የኔ አልነበረም፣ አሁንም የኔ አይደለም» አሉ። ያ በፍርሃት የተናገረው የሙያ ባልደረባቸውም በዚያ ሰሞን ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እጁን ይዘው፣ «የተናገርከው እውነት ነው፣ ስም ማስባል ልማዴ ነው። ልማዴን ተናገርኩ ብለህ ነው የምታለቅሰው?» ብለው አብረው ምሳ በሉ።

ደስታው አልበረከተም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የአማርኛ ዘፈን ለምን ይሰማል ብለው የሱቁን መስታወት ሰበሩባቸው። በማግስቱ ሌሎች መጥተው የኦሮምኛው ለምን በዛ አሉ። ስብርባሪውን ጠርገው አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳያዘፍኑ ሱቁን ከፍተው ተቀመጡ። መናኸሪያው ዝም ሲል ሹፌሮቹ ራሳቸው መጥተው፣ የፈለጉትን ይክፈቱ፣ እኛ እንቆማለን አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በዚያ ዘፈን የተጠሩት አምስቱ ወጣቶች መንገዳቸው ተለያየ። አንዱ ሹም ሆነ። አንዱ ጫካ ገባ። ሁለቱ አገር ለቀቁ። አንዱ አልተመለሰም። ዘፋኟ ማን ናት የሚለውም ጥያቄ ትርጉሙ ተለወጠ። አሁን የሚጠየቀው ከማን ወገን ናት ተብሎ ሆነ። በአንዱ ዓመት የሚያሳስር ስም በሌላው ዓመት ያሸልማል፣ በሦስተኛው ደግሞ ቤት ያስቃጥላል። አቶ ገመቺስ በዚህ ሁሉ መካከል መልሳቸውን አልለወጡም። የኢሉባቦር ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ምን እንደተመኘና ምን እንደፈራ ከዚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሆኖ በሚዘፈነው ማወቅ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ዘፈኑን ለሁሉም ሸጡ እንጂ ዘፋኙን ለማንም አልሸጡም።

ስልኩ ሁሉ ኢንተርኔት ሲኖረው ዘፈን የሚያስጭን ሰው ቀነሰ። ሱቁ ወደ ስልክ ጥገና ዞረ። ሠርግ ሲጠሩ ግን እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ይሄዱ፣ ማይክ ሲሞክሩም ስም ያስብሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በመቱ ሲታከሙ ቆይተው ወደ ጅማ ተልከው የኩላሊት እጥበት ሲደረግላቸው ቆየ። ሕመማቸውን ለጠያቂ አያወሩም ነበር። እንዴት ነዎት ሲባሉ፣ «ድንጋዩ ደክሟል፣ ፀሐይ ላይ እያሰጡት ነው» ይሉ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ባለቤታቸውን፣ «አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። የዚያችን ልጅ ድምፅ አስበላሁት። ስሟን ከነድምፁ ይዤ አላስቀመጥኩላትም» አሏት። እሷም ነገረቻቸው። ኮቱን፣ ነጠላውን፣ በሩን፣ ፈታሿን ሴት።

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት።»

«እኔ በየቀኑ ልጅቷን ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ትከሻሽ ላይ ነበር?»

«አዎ።»

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች፤ መቆጣትም መብታቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ጥራቱስ? አልተበላሸም?» አሉ። «የሽማግሌው ሳል ሳይቀር ይሰማል» አለቻቸው። ነርሷ መጥታ ዝም በሉ እስክትላቸው ሳቁ። ከስልኳ አሰማቻቸው። ዘፈኑ ሳይጀመር፣ አሥራ አንዱን ሴኮንድ ብቻ ሰምተው፣ «ይበቃል፣ ዝጊው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለሷ ስጪያት። ለሬዲዮ አይደለም፣ ለሙዚየም አይደለም፣ ለልጆቻችንም አይደለም። ለሷ» አሏት።

አቶ ገመቺስ ኦሊ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ትናንት አስከሬናቸው ከጅማ ሲመጣ መኪናው በመንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ጥቂት ቆሞ ነበር። አብረው የነበሩት ለውሃ የቆመ መስሏቸዋል። የወረደችው ባለቤታቸው ብቻ ናት። የአንድ ቤት የበር መጋረጃ ገልጣ የወጣችው ሴት፣ ልጅ አዝላ ነበር። በመኪናው ላይ ያለውን አበባ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ሚሞሪውን ተቀብላ፣ «ስሜ አለበት?» አለች።

«አለበት።»

«ልሰብረው ወይስ ላስቀምጠው?»

«ያንቺ ነው፤ እንደወደድሽ።»

ከዚህ ቀደም ይህን ስም ፍለጋ ወደ ቤታችን የመጣችሁ፣ ወደፊትም ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ይህ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲታወቅላችሁ የምንፈልገው ቅጂው ከእኛ ዘንድ አለመኖሩን ነው። አቶ ገመቺስ አደራውን ለስሙ ባለቤት መልሰው ነው የተኙት። ባለቤታቸውም ሆነች ልጆቻቸው የሚጠየቁበት ነገር የላቸውም።

አቶ ገመቺስ እናታቸውን ወ/ሮ ዲሪቤ ጉደታን፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኑኃሚን ሸጋውን፣ ልጆቻቸውን ሴናን እና አሜንን፣ እህታቸውን ወ/ሮ ኡርጌ ኦሊን ከነልጆቿ፣ እንዲሁም እንደ እናት የሚያዩአቸውን ጎረቤታቸውን እትዬ ሽብሬን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ከዳሪሙ፣ ከቡሬና ከሁሩሙ እየተመላለሳችሁ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም በዚህ ደብር ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሰው ሁሉ በራሱ ድምፅ ስሙን በሚናገርበት በዚያ ቀን፣ የሰውን ስም ከክፉ የጠበቁትን አገልጋዩን ኃይለ ገብርኤልን እግዚአብሔር በስማቸው ጠርቶ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፋቸው። ለእናታቸው ጉልበት፣ ለልጆቻቸው ዕድሜ፣ ለቀረነው ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።